አሥረኛ ክፍልን ለጨረሳችሁ

ልጆች፣ አሁን ናቹራል ወይስ ሶሻል ብላችሁ ልትመርጡ ነውና ከሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ ፈልገው የሚመጡ ሰዎችን ዶክመንት መመርመር የኔ ድርሻ ነበር። ስቱደንት ኮፒውን፣ ዲግሪውን፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀቱን፣ የማትሪክ ውጤቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ አያለሁ።

አንዱን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ መጣ። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኖ አለፈ፤ ቃለ መጠይቁም ላይ ጎበዝ ነበር። ዶክመንቱ ሲጣራ ግን ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የተሻገረው የደረጃ 4 ሲኦሲ ሳያልፍ ነው። የተማረበት ኮሌጅ «ችግር የለውም፣ በኋላ ታመጣዋለህ» ብሎ መዝግቦታል። የመግቢያ መስፈርት ሳይሟላ የተያዘ ዲግሪ ደግሞ ሲጣራ ይወድቃል። «ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ነው የተማርኩት» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ስለዚህ ናቹራል ወይስ ሶሻል ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ከመጨረሻው ጀምሩ። መሆን የምትፈልጉትን አስቡ፣ ከዚያ ሙያው ምን እንደሚጠይቅ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ እዩ። ሕክምና፣ ፋርማሲ ወይም ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ትቶ የትም አይደርስም። ሕግ የሚያምረው ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ናቹራል ስለገቡ ብቻ አብሮ መግባት የለበትም። «ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው» የሚባለው ነገር ብዙ ልጅ አበላሽቷል። እኔ በፍጹም አልቀበለውም።

ሒሳብን ሸሽታችሁ ሶሻል የምትገቡ ካላችሁ ግን አደራ፣ ቆም በሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሶሻልም ሒሳብ ይፈተናል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ለሁለቱም ናቸው። ከስድስቱ ፈተና ግማሹ ማለት ነው። የሚለዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ በሶሻል በኩል ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ብትመርጡም ሒሳቡ እዚያው ይጠብቃችኋል።

ማለፊያው 50 ከመቶ መሆኑን ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ይህን ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደረሰ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ላይ ተነስቶ የዘጠነኛን ሒሳብ መሙላት ከባድ ስለሆነ ነው። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲም በመውጫው ፈተና አለው፣ እዚያም ማለፊያው 50 ነው።

ቴክኒክና ሙያ የምትገቡ ልጆች አንገታችሁን አትድፉ። በእጁ የሚሠራ ሰው ስንፈልግ ስንት ጊዜ አጥተን ቆይተናል! ብቻ እያንዳንዱን ደረጃ ስትጨርሱ ሲኦሲውን ወዲያው ተፈተኑ። ለነገ አታሳድሩት።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የእውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። «ኮሌጁ እውቅና አለው» ማለት ብቻ አይበቃም። ለምትማሩት የትምህርት መስክ፣ ለምትማሩበት ካምፓስ፣ ቀን ይሁን ማታ ወይም ርቀት ለመረጣችሁት ፕሮግራም አለው ወይ? ይህን ከራሱ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። የመዝጋቢውን ቃል አትመኑ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ትገባለች። ፋርማሲስት መሆን ትፈልጋለች፣ ኬሚስትሪ ግን አይሆንላትም። ባለፈው እሑድ የዘጠነኛንና የአሥረኛን ደብተሯን አመጣችና አብረን አገላበጥን። ችግሩ የጀመረበትን ቦታ አገኘነው፤ ሞል ከሚባለው ስሌት ጀምሮ ገጹ ባዶ ነው። አስተማሪ ተቀይሮባቸው እንደነበር ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ሶሻል ልግባ እንዴ?» አለችኝ። ክረምቱን ከዚያች ገጽ ጀምረን እንይና መስከረም ላይ ትመርጪያለሽ አልኳት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እየመጣች ነው።