አጃይል ለሦስት ሰዎች ቡድን

ውድ ጠያቂ፣

ከድሬዳዋ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሁለት የክፍል ጓደኞችዎ ጋር በአሸዋ ገበያ ላሉ አንድ የጨርቅ ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አራት ወር ሙሉ ሠርታችሁ ስታስረክቡ፣ ነጋዴው ገና እንዳዩት «ጣቃው ተቆርጦ በሜትር ሲሸጥ የቱ ጋ ነው የምመዘግበው?» ብለው እንደጠየቋችሁ፣ እናንተም ዕቃን በቁጥር ብቻ እንጂ በሜትር እንዳላሰባችሁት ገልጸዋል። የስክራም ማስተር (ስክራም የተባለውን የአጃይል አሠራር ቡድኑ በአግባቡ እንዲከተል የሚያግዝ ሰው) የምስክር ወረቀት ለማግኘት ገንዘብ ቢያወጡ ይጠቅምዎ እንደሆነም ጠይቀዋል።

ለጊዜው አያውጡ። ያ ጥያቄ በሁለተኛው ሳምንት ሊነሳ ይችል ነበር፤ ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሠሩ፣ ለደንበኛ እያሳዩ የሚያሻሽሉበት አጃይል የሚባለው አሠራርም ዋና ጥቅሙ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቀድሞ ማሰማቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተሰብስበው የአጃይልን መግለጫ ያወጡት 17 ባለሙያዎች ከተሟላ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር፣ ከውል ድርድር ይልቅ ከደንበኛ ጋር ለመተባበር ቅድሚያ ሰጥተዋል።

የ2020ው የስክራም መመሪያ ስፕሪንት የሚባለው አንድ የሥራ ዙር ከአንድ ወር እንዳይበልጥ፣ የዕለቱ ስብሰባም በ15 ደቂቃ እንዲወሰን ያዛል። ለእናንተ ሁለት ሳምንት ይበቃል እላለሁ። የስክራም ማስተርነቱንም ከሦስታችሁ አንዱ ከኮድ ሥራው ጋር ደርቦ ይያዘው።

ሁለቱ ሳምንታት ባለቁ ቁጥር፣ ሱቁ ለቀትር ሙቀት በሚዘጋበት ሰዓት ነጋዴውን አስፈቅዳችሁ ሂዱ፤ የዕለቱን እውነተኛ ሽያጭም እርሳቸው ራሳቸው ያስገቡ። እናንተ ኪቦርዱን አትንኩ። ጣታቸው የሚያመነታበትን ቦታ መዝግቡ፤ የቀጣዩ ስፕሪንት ሥራ ከዚያ ይወጣል። ሥራን በሰሌዳ ላይ እያሳዩ ከሚከታተሉበት ካንባን ከሚባለው አሠራር ደግሞ አንድ ነገር ውሰዱ፦ ግድግዳ ላይ «ይሠራ»፣ «እየተሠራ»፣ «አለቀ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አድርጋችሁ፣ ማንም ሰው በእጁ ያለውን ሳይጨርስ ሌላ እንዳይጀምር ተስማሙ። «አለቀ» የሚባለውም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ የሠራው ብቻ ይሁን፤ ትንንሽ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና አደራ እላለሁ።

ሥራ ፍለጋውን በተመለከተ፣ በቃለ መጠይቅ ስለ አጃይል ሲጠየቁ የጣቃውን ታሪክ ሳይሸፍኑ ይንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጣችሁም ከማስታወሻዎ ጠቅሰው ያስረዱ። የምስክር ወረቀቱን በግልጽ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሲያገኙ ያን ጊዜ ያስቡበታል። አሁን ግን በዚህ ሳምንት ነጋዴው ዘንድ ተመልሰው፣ በሜትር መሸጥን ብቻ የሚያስተካክል አንድ ስፕሪንት እንዲፈቅዱላችሁ ይጠይቁ።