ጎተራውን በደረቁ አይጥረጉት

ሐይቅ አካባቢ የሚያርሱ አባት እንዲህ ጠየቁን፦ «ባለሙያዎች መጥተው ማሳዬ ድንበር ላይ ትናንሽ የብረት ሳጥን ደረደሩ። ጠዋት የተያዘውን አይጥ ደምና ሳንባ ወሰዱ። ሃንታ የሚባል ቫይረስ ነው የምንፈልገው አሉ። እኔ የታመመ አይጥ አይቼ አላውቅም። የጎተራዬ ሥር ግን የአይጥ ኩስ ሞልቶታል። ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ የታመመ አይጥ ባያዩ አይገርምም። ሃንታ የያዘው አይጥ እንደ ጤነኛው ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይወልዳል። ለዚህ ነው ደምና ሳንባ የሚታየው። ደሙ ውስጥ የሚፈለገው አይጡ ቫይረሱን ሲከላከል የሠራው ምልክት ነው። በሳንባው ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል።

ነገሩ ለአገራችን ባዳ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ትግራይ ውስጥ ከአገሬው እግረ ነጭ አይጥ ላይ አንድ ሃንታ ቫይረስ ተገኝቶ «የትግራይ ቫይረስ» ተብሏል። ሰው ማሳመሙ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ አብሽሩ፣ ጤፍዎን አይድፉት። በሌላ አገር ግን ኩላሊትና ሳንባ የሚጎዱ ዘመዶች አሉት፤ ጥንቃቄው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ጎተራው። ሃንታ በዋናነት የሚተላለፈው የደረቀ ሽንትና ኩስ ቦንኖ ሲተነፈስ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ልማዱ ይታወቃል፦ መጥረጊያ ይዞ ጎንበስ፣ አቧራው ቡን! እሱን ይተዉት። መጀመሪያ በሩን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያናፍሱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ኩሱን በደንብ ያርጥቡት፤ እህሉን ግን እንዳይነካው። አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ እጅዎ ላይ ፌስታል አጥልቀው በጨርቅ ይሰብስቡትና ይቅበሩት። ነጠላ አፍንጫ ላይ ማድረግ ብዙም አይከላከልም።

ጎተራው ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ እግር ያውጡለት። በየእግሩ ላይ ቆርቆሮ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ቢመቱበት አይጡ ወደ ላይ ሲወጣ ይንሸራተታል። መርዝ ግን አልመክርም፤ ስንት ሰው አይጥ አገኛለሁ ብሎ ዶሮውን ገድሏል።

ሳጥኖቹን ልጆች አይንኩ። ባለሙያዎቹ ሲመለሱ አይጥ የሚመላለስበትን ዱካ ያሳዩዋቸው፤ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ካጸዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከመጣብዎት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ወባ ይሆናል» ብቻ አይበሉ። ጎተራ ማጽዳትዎንም ይንገሯቸው።