ዋንጫው ሦስት መቶ ዓመት አልሞላውም

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አጎቴ መርከብ ላይ ሲሠራ ከስፔን ያመጣው የብር ዋንጫ አለኝ። ቁመቱ አጭር፣ አፉ ሰፊ ነው። ጎኑ እንደ አበባ ገባ ወጣ ይላል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጆሮ አለው። ሥሩ ላይ ትንሽ ኮከብና 915 የሚል ቁጥር ተመቷል። ሐሙስ ገበያ ያሳየሁት ነጋዴ «ሦስት መቶ ዓመት የሞላው ቅርስ ነው» ብሎ ልቤን ሰቀለው። የሰፈራችን አንጥረኛ ደግሞ «ብር መሆኑንም እንጃ» አለኝ። ማንን ልመን?
አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትመኚ። ምልክቱ የእውነት ከሆነ ብሩ ብር ነው፤ ያውም ከሺህ 915 እጁ ንጹሕ። አንጥረኞቻችን ስንት አምባርና መስቀል ያወጡበት የማርያ ቴሬዛ ብር እንኳ 833 ነው።

ዕድሜው ላይ ግን ነጋዴው ቀልዶብሻል። ኮከብና 915 ስፔን ውስጥ በሥራ ላይ የዋለው በ1934 (በፈረንጆቹ) ነው፤ ስለዚህ ያንቺ ዋንጫ ቢበዛ ዘጠና ዓመት ገደማ ነው። ነጋዴው የተሸወደው በቅርጹ ይመስለኛል። ሁለት ጆሮ ያለው፣ ጎኑ እንደ አበባ የተከፈለ ሰፊ መጠጫ ስፔኖች «በርኔጋል» የሚሉት ነው፣ በ1600ዎቹ በጣም ይወደድ ነበር፣ ኋላ ላይም አስመስለው ሠርተውታል።

የጥንቱን በምን ታውቂዋለሽ? ገልብጠሽ እዪው። ቁጥር ሳይሆን የከተማው፣ የመርማሪውና የሠሪው ማኅተም ይኖረዋል፤ ሦስቱም ሁልጊዜ አይገኙም እንጂ። አጠገባቸው ደግሞ እባብ የሄደበት የመሰለ ጠመዝማዛ ጭረት ታገኛለሽ፣ መርማሪው ጥራቱን ሊፈትን ብናኝ ፍቆ የወሰደበት ነው። እኔ ከጌጡ ሁሉ ይቺን ጭረት ነው የምወዳት።

ጌጡም ቢሆን ዘመኑን ይናገራል። በ1500ዎቹ ቅጠሉ፣ የሰው ፊቱ፣ ክንፍ ያለው አውሬው ተጨናንቆ ይቀረጽ ነበር፤ «ፕላተሬስኮ» ይባላል፣ ስሙም ከብር አንጥረኛ የመጣ ነው። ያ ዘመን ካለቀ በኋላ ሥራው ጠፍጣፋና ቆጠብ ያለ ሆነ፣ አንዳንዱ ላይ ባለቀለም እንቁላል ቅርጽ ፈርጥ ብቻ ይለጠፍበታል። በ1700ዎቹ ደግሞ የባሕር ዛጎልና ጥምዝ መጣ። ብሩ ከየት ይምጣ ካልሽ፣ በ1545 ከተገኘው ከፖቶሲ ተራራ፣ የዛሬዋ ቦሊቪያ፣ በመርከብ ይጎርፍላቸው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ፦ በአመድና በሎሚ እንዳታሺው! ማኅተሙን ይበላዋል። ለስላሳ ጨርቅና ለብ ያለ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል። ነጋዴው ዋጋ ሊጠራ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ኮከቡን አሳዪው።