የሱፍ አበባ ዘርቶ እርሳስን ከአፈር ማውጣት ይቻላል?

እህቴ፣ «ቀድሞ የመኪና ባትሪ መጠገኛ በነበረ ግቢ አንድ ክረምት የሱፍ አበባ ዘርቼ ባጭድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎመንና ሰላጣ ልተክልበት እችላለሁ?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አይትከሉ፤ ከባትሪ ወደ አፈሩ የገባው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በአንድ ክረምት አይወጣም።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ከአትክልት አምራቾች ጋር ለዓመታት ስሠራ «ቅጠሉ እንዲህ ለምልሞ አፈሩ እንዴት ተመርዟል ይባላል?» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ልምላሜ ግን ምስክር አይሆንም። ከባድ ብረታ ብረትን ከሚቋቋሙ ተክሎች አንዳንዱ መርዙን ሥሩ ላይ ያግደዋል፤ ሌላው ወደ ቅጠሉ ስቦ በሴሉ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ሲታዩ ጤነኛ ናቸው። ለምሳሌ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ሰላጣና ቆስጣ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይከማቻል፤ መቀቀልም አያጠፋውም።

የሱፍ አበባ ዝና የገነነው የኑክሌር አደጋ በደረሰበት በቼርኖቤል ነው። እዚያ ግን ኩሬ ላይ ተንሳፍፎ በሥሩ ሲሲየምና ስትሮንቲየም የተባሉትን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች የሳበው ከውኃ ነበር። እርሳስ ደግሞ አፈር ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ወደ ግንድና ቅጠል የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው። እስቲ እናስላው። የአንድ ካሬ ሜትር አፈር እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 250 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በኪሎው 500 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢኖር በጠቅላላው 125 ግራም ነው። ከዚያች ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ደረቅ አገዳና ቅጠል ቢያጭዱ፣ በውስጡም 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢገኝ (ይህም በጣም ለጋስ ግምት ነው)፣ የወጣው 0.1 ግራም ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ የልጅ ልጅዎም አይጨርሰውም። እርሳሱን በኬሚካል አሟሙቶ ተክሉ እንዲስበው ማድረግ ተሞክሯል፤ የሟሟው እርሳስ ግን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊወርድ ስለሚችል እንዳያስቡት።

ስለዚህ እርሳሱን ባለበት ማሰር ይሻላል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ የእርሻ ኖራ ይጨምሩበት፤ በደንብ የበሰለ ብስባሽም ያልብሱት። ዳር ዳሩን ቬቲቨር ሣር ቢተክሉ ጎርፍና አቧራ ይከላከልልዎታል፤ የሚይዘውንም ብረት አብዛኛውን ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል። ያም ሆኖ አጭደው ለከብት አይስጡት። ለጓሮ አትክልት ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር አምጥተው ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፤ ከሥሩም ጠንካራ ጨርቅ ያንጥፉ። ልጆች ካሉ ባዶው መሬት በሣር ሳይሸፈን እንዳይጫወቱበት፤ እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እነርሱን ነው፣ የሚገባውም በአብዛኛው አፈር በነካ እጅ በኩል ነው።

ከሁሉ አስቀድመው አፈሩን ያስመርምሩ። ናሙናውን ከአንድ ጥግ ብቻ አይውሰዱ፤ አሲድ ይደፋበት የነበረውን ቦታ ለብቻ፣ የቀረውን ግቢ ለብቻ ያድርጉና ፒኤቹንም (የአሲዳማነቱን መጠን) እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ውጤቱን እዚህ ቢያሰፍሩት ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ አብረን እናያለን።