ጠይቁን፦ አንድ ዳኛ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በምን ስልጣን ያግዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት ነው የምሰራው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሀረጎን ወጥቼ ደሴ ህግ እማራለሁ። የአሜሪካ ህገ መንግስት ላይ ስንደርስ አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ዜና ላይ "ዳኛው የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ አገደ" ሲባል እሰማለሁ፣ ማንም ያልመረጠው ዳኛ ህዝብ የመረጠውን ሰው የሚያግደው በየትኛው አንቀፅ ነው? ሁሉንም አነበብኩት፣ አጣሁት።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ያጣኸው ስለሌለ ነው። የነሱ ህገ መንግስት 7 አንቀፅና 27 ማሻሻያ ነው፣ እንደኛ 106 አንቀፅ የለውም፤ አንቀፅ 1 ኮንግረስ (ህግ አውጪው)፣ አንቀፅ 2 ፕሬዚዳንት፣ አንቀፅ 3 ፍርድ ቤት። ሶስተኛው ላይ የዳኝነት ስልጣን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ኮንግረስ የሚያቋቁማቸው የስር ፍርድ ቤቶች ነው ይላል፣ ዳኛ ህግ ይሽራል የሚል ግን አንድም ቃል የለም።

ይህን ስልጣን በግልፅ ያመጣው እ.ኤ.አ በ1803 የተፈረደ የማርበሪና የማዲሰን ክርክር ነው። ፕሬዚዳንት አዳምስ ከስልጣን ሊወርድ ሲል ማርበሪን የሰላም ዳኛ አድርጎ ሾመው፣ ደብዳቤው ተፈርሞ ማህተም ተመቶበት ሳይደርሰው የጀፈርሰን መንግስት ገባና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማዲሰን አንሰጥም አለ፣ ማርበሪም ቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰሰ። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ምን አለ መሰለህ፣ ሹመቱ መብትህ ነው፣ ግን አንተ ቀጥታ እኛ ጋ እንድትመጣ የፈቀደልህ የ1789ኙ ህግ ከአንቀፅ 3 ጋር ስለሚጋጭ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ማዘዝ አንችልም። ማርበሪ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ፍርድ ቤቱ ግን የኮንግረስን ህግ የመሻር ስልጣን ይዞ ቀረ። በጣም ብልህ ፍርድ ነው፣ ጀፈርሰንን ምንም ስላላዘዘው እምቢ የሚልበት ነገር አልነበረውም።

ለአንተ ግን የበለጠ የሚቀርብህ የብረት ፋብሪካዎቹ ኬዝ ነው። 1952፣ የኮሪያ ጦርነት ላይ ናቸው (የኛ ቃኘውም እዛው ነበር)፣ የብረት ሰራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ ትሩማን ጦሩ ብረት ያጥረዋል ብሎ ፋብሪካዎቹን መንግስት እንዲረከባቸው አዘዘ። ባለቤቶቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም 6 ለ 3 ኮንግረስ ያልሰጠህን ስልጣን በጦርነት ስም አትወስድም አለው። ፍርድ ቤቱ ጦር የለው፣ በጀት የለው፣ ትሩማን ግን በጣም እየተናደደም ፋብሪካዎቹን መለሰ። እኔ የአሜሪካን ስርዓት ሳስተምር ከማንኛውም አንቀፅ በላይ ይህችን ነገር ነው የምነግራቸው፣ የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ባይታዘዝ ኖሮ የማርሻል ፍርድ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበርና።

ደግሞ ዳኛው ከመሬት ተነስቶ አያግድም፣ ተጎዳሁ የሚል ከሳሽ መምጣት አለበት። ዜና ላይ የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ የስር ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ነው፣ ይግባኝ ይባልበታል፣ በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ) ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አንድ የስር ዳኛ ከከሳሾቹ አልፎ በመላው አገር የሚሰራ እግድ የሚሰጥበትን መንገድ በጣም አጥብቦታል። ፈተና ላይ ይህን ብትፅፍ መምህርህ ይወድልሃል።

ከኛ ጋር አወዳድር ከተባልክ፣ እዚህ ህገ መንግስቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀፅ 62 እና 83 ላይ ቁጭ ብሏል፣ 11 አባላት ያሉት የህገ መንግስት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ሀሳብ ያቀርብለታል። እኛ ጋ የተፃፈው እነሱ ጋ በፍርድ የመጣ ነው። የኔን ሀሳብ ከጠየቅከኝ ትርጉሙ ለዳኛ ቢሰጥ እመርጣለሁ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ያሉት ፖለቲከኞች ናቸውና በራሳቸው ጉዳይ መፍረድ ይከብዳቸዋል። የተለየ ሀሳብ ያላቸው ጎበዝ የህግ ሰዎች እንዳሉ ግን እወቅ፣ እነሱንም አንብብ።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ ልጆቼ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ነኝ። ልጄ በዲቪ ሄዶ ሲቲዝን ሆኗል፣ ጎረቤት ግን መቼም ፕሬዚዳንት አይሆንም ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እማማ፣ እውነታቸውን ነው። ለፕሬዚዳንትነት በትውልድ አሜሪካዊ መሆን፣ 35 ዓመት መሙላትና 14 ዓመት እዛ መኖር ያስፈልጋል። ሌላው ግን ክፍት ነው፣ ሲቲዝን ከሆነ 7 ዓመት ሲሞላው ለተወካዮች ምክር ቤት፣ 9 ዓመት ሲሞላው ለሴኔት መወዳደር ይችላል፣ ሶማሊያ የተወለደችው ኢልሃን ኦማር ከ2019 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ምክር ቤት ገብታለች። እሱ ሲቲዝን ከሆነ በኋላ እዛው የወለዳቸው የልጅ ልጆችዎት ደግሞ ፕሬዚዳንትነቱም አልተዘጋባቸውም። ልጅዎ ግን የሌላ አገር ዜግነት ሲይዝ የኢትዮጵያው ስለሚቀር፣ ለክረምት ሲመጣ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ቢያወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሰራበታልም፤ እዚህ መምረጥና መመረጥ ግን በቢጫ ካርድ አይቻልም።