ስለ ሟቹ ለእጮኛዬ ልንገረው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ሀረጎን በየቀኑ ስወርድና ስወጣ ነው የምውለው። ሰሞኑን ከእጮኛዬ ጋር «ሂሮሺማ፣ ፍቅሬ» የሚባለውን የድሮ የፈረንሳይ ፊልም አየን። እሱ ገና ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ሳለቅስ አመሸሁ። በ2014ቱ ጦርነት የሞተ ጓደኛ ነበረኝ፤ ጓደኛ ስል ይገባችኋል። እጮኛዬ ስለ እሱ አንዳች አያውቅም። ደግሞ አሁን አሁን የልጁ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበር እየጠፋኝ ነው፣ ይሄ ያስፈራኛል። ልንገረው ወይስ ይቅር? ሌላው፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ፍቅረኞቹ ተለያዩ ወይስ አልተለያዩም?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ እንቅልፉ እጮኛሽን አትውቀሺው። ዳይሬክተሩ አሌን ሬኔ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ይህ ፊልም አጀማመሩ ለማንም ይከብዳል፤ ሴትዮዋ የሂሮሺማን ሆስፒታሉንም ሙዚየሙንም አይቻለሁ ትላለች፣ ፍቅረኛዋ ምንም አላየሽም እያለ ይመልስላታል።

ላላዩት ባጭሩ፦ ስለ ሰላም በሚሠራ ፊልም ለመተወን ሂሮሺማ የሄደች ፈረንሳዊት ከአንድ ጃፓናዊ አርክቴክት ጋር ፍቅር ይይዛታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ኔቨር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ጀርመናዊ ወታደር ትወድ ነበር። ከተማዋ ነፃ ልትወጣ ስትል ልጁ ተተኩሶበት ሞተ። እሷን የጠላት ወታደር ወደድሽ ብለው ፀጉሯን ላጯት፣ ወላጆቿም ምድር ቤት ደበቋት።

እኔን የያዘኝ የእጁ ነገር ነው። ጃፓናዊው ተኝቶ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ እሷ ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ ድንገት የሌላ ሰው እጅ ብልጭ ይላል፤ በመሞት ላይ ያለው የጀርመናዊው እጅ። የማን እንደሆነ እንኳ አይነገረንም፣ ቆይቶ ነው የሚገባን። አንቺ የትዝታና የአምባሰል ቅኝት አገር ልጅ ነሽ፤ እኛ ዘንድ የሚዘፈነው የናፍቆቱ ሕመም ነው። ይቺ ሴት የምትፈራው ግን ሕመሙ ማለቁን ነው።

ታሪኩን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም። ለጃፓናዊው ከነገረችው በኋላ ሆቴሏ ገብታ፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ ከዳሁህ እያለች ከሟቹ ጋር ታወራለች። ያንቺም ፍርሃት ይሄው ነው። ግን አስቢው እስቲ፦ የልጁ ድምፅ የጠፋብሽ ለሰው በማውራትሽ ነው እንዴ? ለማንም ትንፍሽ ሳትዪ ነው የጠፋው። ዝምታሽ አላቆየልሽም።

ስለዚህ ንገሪው ባይ ነኝ። ግን አድማጩ ወሳኝ ነው። ጃፓናዊው ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲያወሩ ምን ይላታል መሰለሽ፣ «ምድር ቤት ስትሆኚ እኔ ሞቻለሁ?» ይላታል፣ ራሱን በሟቹ ቦታ አድርጎ። (ከእጮኛሽ ይሄን አትጠብቂ፣ የፊልሙ ደራሲ ማርግሪት ዱራስ የጻፈችለት ንግግር ነው።) ባሏ እንደማያውቅ ሲሰማ ደግሞ ሰውየው በደስታ ይፈነድቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው ብሎ። እዚህ ላይ ሰውየውን ጠልቼዋለሁ፤ የሰው ሐዘን ሽልማት አይደለም። ያንቺው ከማን እበልጣለሁ ብሎ የሚፎካከር ከሆነ አትቸኩይ። ዝም ብሎ መስማት የሚችል ከሆነ ግን ከሠርጉ በፊት ይወቅ፣ ሁሉንም ባንድ ምሽት መዘርገፍም የለብሽም።

መለያየታቸውን ፊልሙ አይነግረንም። እሷ ባልና ልጆች አሏት፣ እሱም ባለትዳር ነው፣ ሥራዋም አልቋል። እኔ ሄዳለች ባይ ነኝ።