ለየብቻ ያልፋሉ፣ አብረው ይወድቃሉ

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መዝገብ የሚሆን የፓይተን ላይብረሪ በኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) ላይ ጽፌያለሁ። አባል መመዝገቢያ፣ የገባ እህል መመዝገቢያና ስም መፈለጊያ ፈንክሽኖች አሉት። ኮዱን የሚፈትኑት ቴስቶች በፓይቴስት (የፓይተን ቴስት ማስኬጃ) አንድ በአንድ ሲሄዱ ያልፋሉ፤ አንድ ላይ ሳስኬዳቸው ገሚሶቹ ይወድቃሉ። ዳታቤዙን ወደ ሜሞሪ ባዞረው ደግሞ «ቴብሉ የለም» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ ላይ ሲሄዱ የሚወድቁት አንድ ፋይል ስለሚጋሩ ይመስላል። አንደኛው ቴስት አባል ቁጥር 1ን መዝግቦ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ባዶ መዝገብ ሲጠብቅ የተሞላ ያገኛል። ሜሞሪም አላዳነዎትም፤ ምክንያቱም በሜሞሪ የሚከፈት እያንዳንዱ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የሚከፈት ግንኙነት) የራሱ ባዶ ዳታቤዝ ነው። ቴስቱ በአንዱ ኮኔክሽን ቴብሉን ይፈጥራል፣ ፈንክሽንዎ በውስጡ ሌላ ይከፍታል፤ እዚያ ምንም የለም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቴስት አዲስ ፋይል መስጠት ነው። የፓይቴስት «ቲምፕ ፓዝ» ፊክስቸር (ቴስት የሚያስፈልገውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ፈንክሽን) ለየቴስቱ ባዶ ፎልደር ያዘጋጃል። የራስዎን ፊክስቸር ጽፈው በዚያ ፎልደር ዳታቤዝ ይክፈቱ፣ ቴብሎቹን በላይብረሪው በራሱ ፈንክሽን ይፍጠሩ፣ ቴስቱ ሲያልቅ ኮኔክሽኑን ይዝጉ። የፋይሉ አድራሻ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ መጀመሪያ ያንን አውጥተው ከውጭ የሚቀበል ያድርጉት። «ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች) ከፍቶ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ማድረግ፣ ማለትም ለውጦቹን መሰረዝ፣ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ይፈጥናል፤ ነገር ግን የሚፈተነው ፈንክሽን ራሱ ኮሚት ካደረገ (ለውጡን ካጸደቀ) ሮልባኩ የሚመልሰው ነገር አይኖርም።

ሳይጠይቁን አንድ እንጨምር፦ ኤስኪውላይት ካላዘዙት በቀር ፎሪን ኪይ (የእህል መዝገቡ የሚጠቅሰው አባል በእርግጥ መኖር አለበት የሚለውን ደንብ) አያስከብርም፤ ትእዛዙም ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ይሰጣል። ትራንዛክሽን ከተጀመረ በኋላ ቢሰጥ ዝም ብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ትእዛዙን፣ «ፕራግማ ፎሪን ኪይስ»ን፣ በፊክስቸሩ ሳይሆን ላይብረሪው ኮኔክሽን በሚከፍትበት ቦታ ያብሩት፤ አለዚያ ቴስቱ ያልፍና ማኅበሩ ዘንድ ይበላሻል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በሌለ አባል ቁጥር 3 ኩንታል በቆሎ ለመመዝገብ ይሞክሩና «ኢንቴግሪቲ ኤረር» የሚባለው ስሕተት እንዲነሳ ይጠብቁ።

ለፍለጋው «አበበ» ብቻ አይበቃም። «ኃይሌ» ብሎ መዝግቦ በ«ሀይሌ» የሚፈልግ ቴስት ያስፈልጋል፤ ለእኛ አንድ ስም ቢሆንም ለዳታቤዙ ሁለት ነው። ቀን በእኛ አቆጣጠር የሚይዙ ከሆነም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መግባት፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን ውድቅ መደረግ አለበት። ውጤትን በዝርዝር ሲያወዳድሩ ደግሞ «ኦርደር ባይ» የሚለው የመደርደሪያ ትእዛዝ ከሌለ ቅደም ተከተሉን አይመኑ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ መረጃ እንደማይበላሽ በቴስት ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ በከፊል። ቴስቱ ሌላ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሄድ ፕሮግራም) ያስነሳ፤ ያ ፕሮሰስ ከጻፈ በኋላ ኮሚት ሳያደርግ ይገደል። ከዚያ ዳታቤዙን ከፍተው ያልጸደቀው ረድፍ አለመኖሩን፣ የዳታቤዙን ጤንነት የሚመረምረው «ኢንቴግሪቲ ቼክ»ም «ኦኬ» ማለቱን ይዩ። ይህ የሚፈትነው የፕሮግራሙን ሞት እንጂ የመብራቱን መጥፋት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ቢሞትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተቀበለውን ወደ ዲስክ ያደርሳል። ለመብራቱ ወሳኙ «ሲንክሮነስ» የሚባለው የኤስኪውላይት ቅንብር ነው፤ መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱ መቼ እንደሚጠበቅ ይወስናል። ለውጦች መጀመሪያ በተለየ ፋይል በሚጻፉበት በ«ዋል» አሠራር «ኖርማል» ላይ ካለ ዳታቤዙ አይበላሽም፤ የመጨረሻዎቹ ኮሚቶች ግን ሊጠፉ ይችላሉ። ገበሬው ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ከሆነ «ፉል» ያድርጉት።